የማይደበዝዘው የአክስቴ ጥቁር

የሐዘን ልብስ ይደበዝዛል። እንደ ከሰል የጠቆረው ቀሚስ ፀሐይና ሳሙና ሲፈራረቁበት ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ትከሻው ላይ ይነጣል፣ ጫፉ የጭቃ መልክ ያመጣል። ያኔ ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ ነጭ ልብስ ይዞ ይመጣና «ይበቃሻል፣ አውልቂ» ይላል። መቼ እንደሚመጡ የሚነግራቸው ልብሱ ራሱ ነው። የአክስቴ ጥቁር ግን አልደበዝዝም አለ። ባሏ ሞቶ ሙት ዓመቱ አለፈ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ቀሚሷ ግን ትናንት እንደተገዛ ጃንጥላ ያብረቀርቃል።

ያኔ ከእሷ ጋር ነበር የምኖረው፤ ከመካኒሳ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የኋላ አጥሩ ከገበሬ ማሳ ጋር በሚዋሰን ግቢ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ራሴን ገጣሚ አድርጌ ሾሜ ነበር። ሹመቱን ያጸደቀልኝ ሰው አልነበረም፤ የሻረኝም አልነበረም። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የፊተኛው ክፍል የእሷና የስፌት መኪናዋ ነው። የሰፈሩ ሚዜ የሚለብሰው ሮዝና ሰማያዊ ሁሉ የሚወጣው ከእነዚያ ጥቁር እጅጌዎች ሥር ነበር።

አጎቴ፣ የእሷ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያዘው ሰው ስላጣ እኛን እንደ መሥሪያ ቤት ማስተዳደር ጀምሯል። ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል መጥቶ፣ አክስቴ ቦኖ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ሳለ ጥግ ያዘኝ።

«አንቺ፣ ገጣሚ ነኝ ትያለሽ አይደል?»

«እሞክራለሁ ጋሼ።»

«እስካሁን የሞከርሽው ለማንም አልጠቀመም። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ጥቁሯን እናስወልቃታለን። አንጀት የሚበላ ግጥም ጻፊ። ካለቀሰች ታወልቃለች።»

«ካላለቀሰችስ?»

«ታዲያ ምኑን ገጣሚ ሆንሽው?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀሪውን ነገረኝ። እሑድ ቀን ጥቁሯ ይወልቃል፤ እሑድ ማታ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌ የሚልከው መካኒሳ ወፍጮ ቤት ያለው ሰውዬ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት የማይጠፋ፣ ከወፍጮው ጋር ሲሟገት ኖሮ መንገድ ላይም የሚጮህ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን «ሚዛኑ ላይ የማስቀምጣት የታመነች ሴት እፈልጋለሁ» ማለቱን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከዱቄቱ ጋር ተሸክሞ አምጥቶታል። ያ ማለት ደግሞ አክስቴ የስፌት ቤቷን ዘግታ፣ ግቢዋን አከራይታ፣ ወፍጮው ጀርባ ልትገባ ነው ማለት ነው።

«ቃል ሰጥቻለሁ» አለ አጎቴ።

«እሷ ታውቃለች?»

«ጥቁር የለበሰች ሴት ፊት የጋብቻ ወሬ እንዴት ይነሳል? ነውር አታውቂም?»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነበር። ጥቁሩ እላይዋ ላይ እስካለ ድረስ ማንም አፉን አይከፍትም።

የጥቁሩን ምስጢር ያወቅኩት በዚያው ሰሞን ነው። ከኋላ አጥራችን ባሻገር፣ ሰፈሩ ሰፈር ሳይሆን ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬዎች ነበሩ። አንድ ጠዋት የቤቱ እመቤት አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ጮኹ።

«ማሎ! ማሎ! ዶሮዬን ምን አደረጋችኋት?»

ወጥቼ አየሁ። ነጯ ዶሯቸው ከወገቧ በታች ጠቁራለች። ከእኛ ግቢ በአጥሩ ሥር የሚወጣው ቦይ ውስጥ ገብታ ስትጭር የቆየች መሰለኝ፤ ቦዩን ወደ ላይ ስከተለው ከማጠቢያው ድንጋይ ጀርባ አንድ በርሜል አገኘሁ። ውስጡ ቀለም፣ ቀለሙ ውስጥ የአክስቴ ቀሚስ።

አክስቴ ዶሮዋን ሳትከራከር ገዛቻት። አክስቴ ሳትከራከር የገዛችው ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዶሮዋን በክንፏ አንጠልጥላ ስትገባ ጠብቄያት፦

«እትዬ፣ እሷ ደግሞ ማን ሞቶባት ነው?» አልኳት።

ሳቋ ሲያሸንፋት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። በጠቆረ ጥፍሯ ዕንባዋን ጠረገች።

«ስሚ። የመጀመሪያውን ዓመት ለእሱ ለበስኩት። እግዜር ያውቃል፣ ለእሱ ነው። ሁለተኛውን ለራሴ።»

ለራሷ እንዴት እንደለበሰችው እኔም እያየሁ ኖሬ ልብ አላልኩትም እንጂ ግልጽ ነበር። ታክሲ ስትጠብቅ ወያላው ሌላውን ሰው ገፍቶ «እናት፣ ጋቢና ይግቡ» ይላታል። ቦኖው ጋ ሰልፉ ይከፈትላታል። እድር ውስጥ ሽንኩርት ክተፊ የሚላት የለም። ሠርግ ስትጠራ ስጦታዋን ልካ ትቀራለች፤ ጨፍሪ የሚላትም የለም። ማታ በሯን ዘግታ ሬዲዮ ከፍታ ስትሰፋ «ምስኪን፣ በሐዘን ተቆራምዳ» ይሏታል። ተቆራምዳ! የሳምንቱን ቀልድ ሁሉ የምሰማው ከእሷ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ የአጎቴን ግጥም መጻፌን አልተውኩም። እውነቱን ለመናገር ትእዛዝ ደስ ብሎኛል፤ ከዚያ በፊት ግጥም ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። የአክስቴን በርሜል ለአጎቴ አላወራሁም፣ የአጎቴንም ሽማግሌ ለአክስቴ አልነገርኳትም፤ ሁለቱ ሲታገሉ ማየት ነበር የፈለግኩት። ግጥሙን እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦

ፈርዖን እምቢ ብሎ ከባሕር ሆድ ቀረ፣
የአክስቴም ዕድሜዋ በከል ተቀበረ።

ከዚህ በኋላ ግን አልሄድልሽ አለኝ። አንድ የሚያስደነግጥ፣ ከሩቅ የመጣ ቃል የጎደለኝ መሰለኝ። ሰርቪስ ቤታችን ተከራይቶ የሚኖር አንድ ወጣት የሥነ መለኮት ተማሪ ነበር። አክስቴ «የእኔ ጴንጤ» ትለዋለች። ያን ዓመት ዕብራይስጥ እየተማረ ስለነበር ግቢው ውስጥ እንደ ንብ ሲያነበንብ ይውላል። ሸሚዝ ሲያጥብ አገኘሁት።

«ፈርዖን እምቢ ሲል በዕብራይስጥ ምን ይባላል?»

«ለምን ፈለግሽው?»

«ሰው ልሰድብበት።»

ጣቱን አረፋው ውስጥ ነክሮ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ሦስት ፊደል ጻፈ። «ሜም፣ አሌፍ፣ ኖን።»

«አሌፍንማ ከዳዊቴ አውቃታለሁ።»

«ሲነበብ ማኤን ነው። አጥብቆ እምቢ ማለት። አቅቶት አይደለም ልብ በዪ፤ እየቻለ፣ አልፈልግም ብሎ።»

«በቃ፣ ልክ እሷ ናት።» ቃሉን እንደ ጠጠር ኪሴ ውስጥ ልክተተው ስል እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ ፈርዖን ላይ ብቻ አትጨርሺው። ዮሴፍ የጌታው ሚስት ከእኔ ጋር ተኛ ስትለው እምቢ ያለው በዚሁ ቃል ነው። ያዕቆብ ልጁ ሞተ ብለውት ልጆቹ ሊያጽናኑት ሲመጡ፣ አልጽናናም ያለው በዚሁ ቃል ነው። ራሔልም እንዲሁ። ንጉሥ ሳኦል ደንግጦ ወድቆ እህል አልቀምስም ሲልም ይኸው ነው።»

«ስለዚህ ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?»

«አንዱም አይደለም። ቃሉ አይፈርድም። ሰውየው ምን ተጠይቆ ነው እምቢ ያለው ብለሽ መጠየቅ ያንቺ ሥራ ነው።»

ተናደድኩ። የፈለግኩት ጅራፍ ነበር፤ የሰጠኝ ሚዛን። እሱ ግን ሞቅ ብሎት ነበርና ቀጠለ። ዮሴፍ ላይ ያለው «ማኤን» ከበላዩ የዜማ ምልክት አለው አለ፤ እንደ መብረቅ የተጠማዘዘች። ሌላው ቃል በአንድ ትንፋሽ ሲታለፍ ይህ አንዱ ቃል ወደ ላይ ወደ ታች እየተንቀጠቀጠ ረጅም ይጎተታል።

«ለምን?»

«አንዳንዶች ልቡ ስላመነታ ነው ይላሉ። እምቢ ማለቱን ብሏል፤ ግን ቀላል አልነበረም።»

እንዴት እንደሚዜም ካላሳየኸኝ ብዬ ያዝኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ለቀቀው። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። አክስቴ ራሷን በመስኮት አወጣች።

«ምን ነካው ይሄ ልጅ? ሆዱን ነው?»

«እትዬ፣ ስለ እምቢታ እያስተማረኝ ነው።»

«እምቢታ ለመማር ከእኔ ቤት ወጥታ ልብስ ማጠቢያ ጋ ሄደች!» ብላ ክርና መርፌዋን እንደያዘች ወጣች። ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገምንላት። ያዕቆብ ጋ ስንደርስ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች። ከዚያ፦

«ሴትስ የለችበትም? ራሔል እሺ፣ ከራሔል ሌላ?»

«ንግሥት አስጢን አለች» አለ ተማሪው። «ባሏ ከመኳንንቱ ጋር ሲጠጣ ሰንብቶ፣ ዘውድሽን ጭነሽ ነይና ውበትሽን ይዩ ብሎ ላከባት።»

«እሷስ?»

«ያንኑ ቃል። እምቢ።»

«እሰይ! ከዚያስ?»

«ዘውዷን ተቀማች።»

አክስቴ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «የስፌት መኪናዋን ግን አልቀሟትም አይደል?»

ያን ቀን የፈርዖኑን ግጥም ቀደድኩት። የእሑድ ማታውን ሽማግሌ ነገር አክስቴ እኔ ሳልነግራት ሰምታለች፤ ማን እንደነገራት ስጠይቃት «ሽሮ አስፈጭቼ የለ?» አለችኝ። ቅዳሜ ዶሮዋን የጎረቤታችን ባል ባርከው አረዱልን። አክስቴ ላባውን ራሷ ነጭታ፣ ራሷ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው።

«እትዬ፣ ነገ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንቺ ግጥምሽን ያዢ፤ እኔ ወጤን እይዛለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ መጡ። አጎቴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ሁለት የእድር ሽማግሌዎች፣ ጥቂት ሴቶች። ነጩ ቀሚስ በላስቲክ ተጠቅልሎ አጎቴ ብብት ሥር ነበር። ለቅዳሴ ብለው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ወንበሩ ተደርድሯል፣ መሶቡ ቀርቧል፤ ማንም አልተቀመጠም። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል።

«እህቴ» አለ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «የሞተውን እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። አንቺ ግን በቅቶሻል። ጥቁሬን አወልቃለሁ እስክትዪን ድረስ አንቀመጥም፤ እህል ውሃም አንቀምስም!»

«አንቀምስም!» አሉ የእድር ሽማግሌዎቹ።

አክስቴ አንገቷን ደፋች። «እሺ ጋሼ፣ ቃላችሁ ይከበር» አለችና የድስቱን ክዳን አነሳች።

የዚያን ወጥ ሽታ ዛሬም ልገጥምለት ሞክሬ አልሆነልኝም። ቂቤው ቀድሞ መጣ፣ ኮረሪማው ተከተለ፣ ከዚያ በርበሬው እንደ ባለቤት ገብቶ ቤቱን ያዘ። አክስቴ ቀስ ብላ አማሰለች። ጎንበስ ብላ ቀመሰች። «ጨው ያንሰው ይሆን?» ብላ ራሷን ጠየቀች። አንደኛው ሽማግሌ እግር ቀየሩ። ሁለተኛው ምራቃቸውን ሲውጡ ተሰማ።

«ይህች ልጅ ግጥም አላት» አለ አጎቴ በፍጥነት። «በዪ!»

ተነሳሁ። ሰው ፊት ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው።

ዮሴፍ እምቢ አለ፣ ልብሱን ጥሎ ሮጠ፤
ራሔል እምቢ አለች፣ ዕንባዋ በለጠ፤
አስጢን እምቢ አለች፣ ያለ ዘውዷ ቀረች፤
አክስቴ እምቢ ብትል፣ ከነማን ተማረች?
ሳኦልም እህሉን፣ አልነካም እያለ፣
ጥጃው ሲቀርብለት፣ አጥንት ፈለፈለ።

መጀመሪያ የእድር ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ የንስሐ አባታችን ትከሻቸው መነቅነቅ ጀመረ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«እንዴ፣ ሳኦልን ከየት አመጣሽው? ጥጃ ነበር የቀረበለት?»

«የሰባ ጥጃ ነው አባ።»

«ዶሮ አልነበረም?»

«ዶሮ ቢሆንማ መጀመሪያውንም እምቢ አይልም ነበር።»

አጎቴ በዓይኑ ገረፈኝ። ወደ እህቱ ዞረ። «ግጥሙን ተዪው። አንድ ቃል ንገሪን። ታወልቂያለሽ አታወልቂም?»

አክስቴ ማማሰያውን አስቀመጠች። ነጩን ቀሚስ አየች፣ ከዚያ የስፌት መኪናዋን።

«እም…» አለች። ቃሉ እንደ ሌላ ጊዜው ተስፈንጥሮ አልወጣም። ጉሮሮዋ ውስጥ ወጣ፣ ወረደ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ረዘመ። «…ቢ።»

ደጃፉ ላይ የቆመውን ተማሪ አየሁት። ጣቱን አንስቶ አየር ላይ ያችን የተጠማዘዘች መብረቅ ሣላት። እንዳልሳቅ ከንፈሬን ነከስኩ። ለካስ ልታወልቀው ትፈልጋለች። ለካስ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር ይህንኑ ስታዜም ኖራለች።

የንስሐ አባታችንም ሰምተዋታል። ሳቃቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ እምቢ ያልሽው ምንድን ነው? ልብሱን ነው?»

«ልብሱንስ አይደለም አባ።»

«መጽናናቱን ነው?»

«ተጽናንቻለሁ። እግዜር ይመስገን።»

«ታዲያ ምኑን?»

«ልብሱን ተከትሎ ማታ የሚመጣውን።»

«ማታ ምን ይመጣል?»

ሁሉም ወደ አጎቴ ዞረ። አጎቴ የኮርኒሱን ማዳበሪያ ጆንያ ስፌት መመርመር ጀመረ። ከሴቶቹ አንዷ፣ እሷም ሽሮ ያስፈጨች ሳትሆን አትቀርም፣ «የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሽማግሌ ነዋ» አለች።

«አንተ!» አሉ የንስሐ አባታችን። «ከቅዳሴ እያጣደፍክ ያመጣኸን ለሐዘን ነው ለሠርግ?»

«አባ፣ ለእሷው ብዬ ነው። ብቻዋን…»

«ጠይቀሃታል?»

«ጥቁር ለብሳ እንዴት…»

«እንግዲህ ሰማህ። የማታው ይቅር። ስትፈልግ እሷ ራሷ ትናገራለች።»

«ቃል ሰጥቻለሁ!» አጎቴ ደረቱን ነፋ። ያን ጊዜ ያየሁት ነገር እስከዛሬ ያስቀኛል፤ ፊቱ የአክስቴን ፊት ሆነ። ያው አገጭ፣ ያው ግንባር። ሁለቱም ከአንድ ማኅፀን ያን ሦስት ፊደል ይዘው ነው የወጡት።

አክስቴ እጇን ታጠበች። ከድስቱ ፈረሰኛውን፣ ለቤቱ አባወራ የሚሰጠውን ብልት፣ መርጣ አወጣች። በእንጀራ ጠቀለለችው፤ የጡጫ ያህል ሆነ። መሶቡን ዞራ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ጋሼ፣ በሞቴ።»

«ተዪ አንቺ ልጅ።»

«በሞቴ ጉረስ። ከጎረስክ የማታውን ትሰርዛለህ። እኔም ጥቁሬን አወልቃለሁ።»

«አላልኩም አንቀምስም ብለን? እኔ እም…» ሲል ከንፈሩ ገጠመ። «…ቢ» ሊል ሲከፍተው ጉርሻው ገባ።

በሞቴ ተብሎ የገባ ጉርሻ አይተፋም፤ ያውም ቄስ ፊት፣ ያውም ጥቁር በለበሰች እህት እጅ። ጉንጩ ተነፋ። ዓይኑ ፈጠጠ። ወደ ንስሐ አባታችን አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ማኘክ ጀመረ። ሲያላምጥ ቤቱ በሙሉ አየው። ወጡ ሥራውን ሲሠራ ታየኝ፤ በሦስተኛው ማላመጥ ግንባሩ ተፈታ።

«ዋጠ!» አሉ የንስሐ አባታችን። «አለቀ። ተቀመጡ።» ራሳቸው ቀድመው ተቀመጡ።

አክስቴ ወደ ጓዳ ስትገባ አጎቴ ነጩን ቀሚስ ዘረጋላት። ተቀብላ ትከሻዋ ላይ ለካችው። «ጋሼ፣ ይህ ለሁለት ሴት ይበቃል» ብላ መልሳ ሰጠችው። ስትወጣ ቢጫ ለብሳ ነበር። እንደ መስከረም አበባ ያለ ቢጫ፣ ወገቡ ላይ በልኳ የተጨመቀ፣ አንገቱ ዙሪያ ጥልፍ ያለው። የሰውን ቀሚስ ስትሰፋ ነው የመሰለኝ እንጂ ያን ጨርቅ መኪናዋ ላይ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። እሷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፤ ስትገልጠው እያለቀሰች ነበር። አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ «ግጥሙ ሠርቷል» አለ።

ማዕዱ ተበላ። የማታውን ለማስቀረት አጎቴ ራሱ ወደ መካኒሳ ሊሄድ ተስማማ፤ ግን ድስቱ ባዶ ሳይሆን አልተነሳም። አጥንት እየጋጠ፦

«ይህች ዶሮ ጥሩ ናት። ከየት አገኘሻት?»

«ከጎረቤት ነው ጋሼ። እሷም ሐዘንተኛ ነበረች።»

ሁሉም ሳቀ፣ ለምን እንደሳቀ ሳያውቅ። እኔ ውሃ አነቀኝ።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ እኔን ከላይ እስከታች አየኝ። «አንቺም ዕድሜሽ እየሄደ ነው። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ታናሽ ወንድም እንዳለው ታውቂያለሽ? ዱቄት አይነካም፣ ሞተሩን ነው የሚያየው።» ብሎኝ ሄደ።

አክስቴ ሰምታዋለች። መሶቡን አንስተን ስንጨርስ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ከፈተችና በወረቀት የተጠቀለለ የተረፈ ጥቁር ቀለም አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«ያዢ። ዕርጥበት እንዳይነካው።»

«እትዬ፣ ማን ሞተብኝ ልበል?»

ቢጫ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሾለከች።

«ያ የፈርዖኑ ግጥምሽ ሞቶ የለ? ለእሱ ትቀመጫለሽ።»